ለሚደልብ በሬ፦ ገለባውን በዩሪያ አልስልሱት
ደምቢያም ሆነ ጎንደር ዙሪያ በሬ ለምታደልቡ፦ የጤፍና የስንዴ ገለባ ሆድ ይሞላል እንጂ ሥጋ አያወጣም። መላ አለው። 5 ኪሎ ዩሪያ በ100 ሊትር ውሃ በጥብጡና 100 ኪሎ ገለባ ላይ እየረጫችሁ፣ በእግር እየረገጣችሁ ላስቲክ የተነጠፈበት ጉድጓድ ውስጥ ክመሩት። ከላይም ላስቲክ አልብሱና አየር እንዳይገባው አፍኑት።

በ21 ቀኑ ሲከፈት መልኩ ቡናማ ይሆናል፤ ሽታው አፍንጫ ይሰነጥቃል። ከዩሪያው የሚወጣው አሞኒያ የሚባል ጋዝ ነው። ደረቁን ገለባ የሚያላላውም፣ በሬው ፕሮቲን የሚያገኝበትን ናይትሮጅን የሚጨምረውም እሱ ነው። ለነገ የሚበቃውን ዛሬ አውጥታችሁ አናፍሱት። ፋጉሎ (የቅባት እህል ዘይቱ ወጥቶ የሚቀረው) ከተገኘማ ጣል አድርጉበት፣ ልዩነቱን ታዩታላችሁ።

ከ6 ወር በታች ላለ ጥጃ ግን በፍጹም! የዩሪያው ብጥብጥም ከብት አጠገብ አይቀመጥ፤ ከጠጣው ይገድለዋል።