ከሲዲ አጫጭር የሙዚቃ ቅንጭቦችን ለመሥራት ርካሽ ሶፍትዌር እንዴት ይመረጣል?

ከሲዲ ላይ የግማሽ ደቂቃ ሙዚቃ ቆርጬ ለማውጣት ለመጀመሪያ ጊዜ የሞከርኩ ዕለት፣ ዲስኩን ኮምፒውተሩ ውስጥ ከትቼ የታዩኝን ፋይሎች በሙሉ ወደ ፍላሽ ገለበጥኳቸው። አሥራ ሁለቱም ትራኮች በዓይን ጥቅሻ ተገልብጠው ሲያልቁ ደስ አለኝ እንጂ አልተጠራጠርኩም። ፍላሹን ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሰክቼ ላጫውታቸው ስል ግን አንዱም አልዘፍን አለ። መጠናቸውን ሳይ እያንዳንዳቸው 44 ባይት ብቻ ነበሩ።

ነገሩ ወዲህ ነው። በሙዚቃ ሲዲ ላይ ድምፁ የተቀመጠው በፋይል መልክ አይደለም። ዊንዶውስ «ሲዲኤ» በሚል ቅጥያ የሚያሳየን ነገር፣ ትራኩ ከዲስኩ ላይ በየት በኩል እንደሚጀምርና ምን ያህል እንደሚረዝም የሚናገር ማመላከቻ ብቻ ነው። በማክ ኮምፒውተር ላይ ትራኮቹ እንደ ፋይል ስለሚቀርቡ በቀጥታ መገልበጥ ይቻላል፤ በዊንዶውስ ግን ድምፁን ከዲስኩ አንብቦ ወደ ፋይል የሚለውጥ ፕሮግራም የግድ ያስፈልጋል። ስለዚህ ሥራው ሁለት ነው፦ ማውጣትና መቁረጥ። ሁለቱንም በአንድ ጥቅል እንሠራለን የሚሉ የሚከፈልባቸው ፕሮግራሞች ሞልተዋል፤ የእኔ አስተያየት ግን፣ እያንዳንዱን ሥራ ለብቻው በደንብ የሚሠሩ ሁለት ነጻ ፕሮግራሞች ከአንድ ውድ ጥቅል ይሻላሉ የሚል ነው።

ከመፈለግዎ በፊት

ቅንጭቡ ለምን እንደሚውል አስቀድመው ይወስኑ። ለአይፎን የስልክ ጥሪ ከሆነ ከ30 ሰከንድ ያልበለጠ ይሁን፤ በተለምዶ የሚቀመጠውም «ኤምፎርአር» በሚል ቅጥያ ነው፤ ለአንድሮይድ ስልክ ኤምፒ3 ይበቃል፤ ከቪዲዮ ጋር የሚቀናበር ከሆነ ዋቭ የተባለው ያልታመቀ (መጠኑ እንዲያንስ ተብሎ ድምፁ ያልተቀነሰ) የፋይል ዓይነት ይመረጣል። ፕሮግራሙ የሚፈልጉትን ዓይነት የማያስቀምጥ ከሆነ ሌላው ችሎታው ሁሉ ለእርስዎ ዋጋ የለውም። ኮምፒውተርዎ የሲዲ ማጫወቻ ከሌለው በዩኤስቢ የሚሰካ ይበቃል። የቅንጭቡ ማጠር ብቻውን ፈቃድ እንደማይሆንም አይዘንጉ፤ ለሕዝብ የሚቀርብ ከሆነ የባለመብቱን ይሁንታ ይጠይቁ።

የማውጫውን ፕሮግራም መምረጥ

ለንጹሕ ዲስክ ኮምፒውተሩ ላይ ቀድሞ ያለው ይበቃል፤ በዊንዶውስ ሚዲያ ፕሌየር፣ በማክ ደግሞ ሚዩዚክ የተባለው ፕሮግራም ሥራውን ይጨርሳሉ። ዲስኩ የተጫጫረ ከሆነ ግን ኤግዛክት ኦዲዮ ኮፒ የተባለውን የዊንዶውስ ፕሮግራም ይጠቀሙ። የሙዚቃ ሲዲ እንደ ዳታ ሲዲ ተጨማሪ የስሕተት ማረሚያ ስለሌለው፣ ጭረት ላይ ሲደርስ ማጫወቻው የጎደለውን ድምፅ ገምቶ ሊሞላ ይችላል፤ ይህ ፕሮግራም ግን በጥንቃቄ እንዲያነብ ሲታዘዝ እያንዳንዱን ክፍል ደጋግሞ አንብቦ ያነጻጽራል፣ የተጠራጠረውንም ቦታ ይነግርዎታል። ቀርፋፋ ነው፤ የመጀመሪያው ማስተካከያውም ትዕግሥት ይፈልጋል። ፍሪአክ የተባለው ደግሞ በዊንዶውስም፣ በማክም፣ በሊኑክስም ላይ የሚሠራ ነጻ ፕሮግራም ሲሆን ለጀማሪ ይቀላል።

በየትኛውም ቢያወጡ ወደ ዋቭ ያውጡ። የሲዲ ድምፅ በሰከንድ 44,100 ናሙና (የድምፅ ልክ) በሁለት መስመር፣ በግራና በቀኝ፣ ስለሚይዝ በደቂቃ 10 ሜጋባይት ያህል ይፈጃል፤ ሥራው ሲያልቅ ስለሚሰረዝ ግን አያሳስብም። ገና ሲወጣ ወደ ኤምፒ3 ከታመቀ፣ ተቆርጦ በድጋሚ በሚታመቅበት ጊዜ ጥራቱ ሁለት ጊዜ ይቀንሳል።

የመቁረጫውን ፕሮግራም መፈተን

ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያባክነው እዚህ ላይ ነው፤ እኔም ከእነርሱ አንዱ ነበርኩ። በአንድ ወቅት መልኩ ያማረ መቁረጫ አገኘሁና የሙከራ ስሪቱን ለሳምንት ያህል ተጠቀምኩበት። ስክሪኑ ላይ ሁሉም ነገር ተሳክቶልኝ ነበር፤ ሙከራው የማይፈቅደው አንድ ነገር ፋይሉን ማስቀመጥ ብቻ ነበር። የዓመት ክፍያ ከከፈልኩ በኋላ የመጀመሪያውን ቅንጭብ አስቀምጬ ስሰማው ጸናጽሉ እንደ ፉጨት ይሰማል፤ ፕሮግራሙ ሁሉንም ነገር በዝቅተኛ ጥራት ይጨምቀው ነበር፤ ጥራቱን ከፍ የሚያደርግ ምርጫም አልነበረውም። ከዚያ ወዲህ ማስቀመጥ የማይፈቅድን ሙከራ እንደ ሙከራ አልቆጥረውም። ከመክፈልዎ በፊት አንድ ቅንጭብ ከዲስክ እስከ መጨረሻው ፋይል ድረስ ሠርተው ያድምጡ።

ሁለተኛው ፈተና የመቁረጫው ስለት ነው። አንዳንድ ቀላል ፕሮግራሞች መጀመሪያና መጨረሻውን በሙሉ ሰከንድ ብቻ ያንቀሳቅሳሉ። በደቂቃ 120 ምት ባለው ዘፈን በአንድ ምትና በሚቀጥለው መካከል ያለው ርቀት ግማሽ ሰከንድ ነው፤ ስለዚህ በግማሽ ሰከንድ መሳት ማለት አንድ ሙሉ ምት መሳት ነው፤ ሰሚውም ምክንያቱን ባያውቅ እንኳ አንድ ነገር እንደተዛባ ጆሮው ይነግረዋል። ፕሮግራሙ ሰዓቱን እስከ ሰከንድ አንድ ሺህኛ ድረስ በቁጥር ማስገባት ካልፈቀደ፣ የድምፁንም ሞገድ አጉልቶ ካላሳየ ይተዉት።

ኦዳሲቲ የተባለው ነጻ ፕሮግራም ሁለቱንም ያሟላል፤ መልኩ አያምርም፣ ሥራው ግን ያስተማምናል። ዋቩን ይክፈቱና ቅንጭቡ እንዲጀምርበት የሚፈልጉትን ቦታ በጆሮ ማዳመጫ እየሰሙ ይፈልጉ፤ ከዚያም አንድ ሰከንድ ያህል መርጠው እየተመላለሰ እንዲጫወት ያድርጉ። የከበሮ ምት በሞገዱ ላይ እንደ ግድግዳ ቀጥ ብሎ ይነሣል። ጠቋሚውን ግድግዳው ላይ ሳይሆን ከ5 እስከ 10 ሚሊሰከንድ ቀደም አድርገው ያኑሩት፤ ከዘገየ የምቱ ጉልበት ይቆረጣል፣ በጣም ከቀደመ ደግሞ የቀደመው ዜማ ጭራ ሾልኮ ይገባል።

አሁን በሚገባ ያጉሉት። ሞገዱ መካከለኛውን መስመር እያቋረጠ ሲወጣና ሲወርድ ይታያል። የቆረጡበት ነጥብ ከመስመሩ በላይ ወይም በታች ላይ ከዋለ፣ ድምፅ ማጉያው ከዝምታ ወደዚያ ከፍታ በድንገት ስለሚዘል «ቀጭ» የምትል ድምፅ ትሰማለች። የመጀመሪያዎቹ ቅንጭቦቼ በሙሉ ይህች «ቀጭ» ነበረችባቸው፤ እኔ ግን ጥፋቱን በዲስኩ ላይ አሳብቤ ሦስት ጊዜ ደግሜ አውጥቼዋለሁ። በኦዳሲቲ «ዜድ» የሚለውን ቁልፍ ሲጫኑ የመረጡት ክፍል ጠርዞች ሞገዱ መስመሩን ወደሚያቋርጥበት ቅርብ ነጥብ ይሸሻሉ። ይሁንና የግራና የቀኝ ሞገዶች ሁልጊዜ በአንድ ነጥብ ላይ ስለማይገናኙ፣ እኔ በዚህ ብቻ አልተማመንም፤ የመጀመሪያዎቹን 5 ሚሊሰከንድ መርጬ ድምፁን ከዝምታ ቀስ በቀስ ከፍ የሚያደርገውን «ፌድ ኢን» የሚለውን ትእዛዝ እሰጣለሁ። ጆሮ አይለየውም፤ «ቀጭ»ቱም ትጠፋለች።

መጨረሻው ይቀላል። ዘፋኙ ስንኙን እስኪጨርስ ይጠብቁና ቀጥሎ ባሉት ሁለት ሦስት ሰከንዶች ላይ «ፌድ አውት» ያድርጉ፤ ይህም ድምፁን ቀስ በቀስ ወደ ዝምታ ያወርደዋል። ቃል መሐል ላይ ድምፁን ማደብዘዝ ግን ንግግር እንደማቋረጥ ያስቀይማል።

አቋራጮችና ወጥመዶች

በእጅዎ ያለው ዋቭ ሳይሆን ኤምፒ3 ከሆነ፣ ኤምፒ3 ዳይሬክትከት የተባለው ትንሽ የዊንዶውስ ፕሮግራም እንደገና ሳያምቅ ይቆርጠዋል። ኤምፒ3 የተሠራው ከአጫጭር ክፍሎች ስለሆነና እያንዳንዱም 26 ሚሊሰከንድ ያህል ስለሚረዝም፣ ፕሮግራሙ ከዚያ ይበልጥ በጠበበ ልክ መቁረጥ አይችልም፤ ለስልክ ጥሪ ግን ከበቂ በላይ ነው። ትእዛዝ በመጻፍ የማይሰለቹ ደግሞ ኤፍኤፍኤምፔግ በተባለው፣ በጽሑፍ ትእዛዝ በሚሠራ ነጻ ፕሮግራም መቶ ቅንጭብ በአንድ ጊዜ መቁረጥ ይችላሉ።

በኢንተርኔት ላይ ፋይል ተቀብለው የሚቆርጡ አገልግሎቶችን አልወዳቸውም፤ ለአንድ ጊዜ ያህል ቢያገለግሉም ፋይሉ ወደ ሌላ ሰው ኮምፒውተር ይሄዳል። ነጻ ፕሮግራሞችን ከሠሪው ገጽ ብቻ ያውርዱ፤ በሌሎች ገጾች ላይ ትልቁና አረንጓዴው «አውርድ» የሚል ቁልፍ አብዛኛውን ጊዜ ማስታወቂያ ነው። «ኤምፒ3 ማስቀመጥን ይጨምራል» ተብሎ ዋጋ የተቆለለበትንም አይግዙ፤ የኤምፒ3 የፈቃድ ክፍያ በ2017 እ.ኤ.አ. ስላበቃ ነጻዎቹም ያለ ችግር ያስቀምጣሉ። ገንዘብ ማውጣት ተገቢ የሚሆነው፣ በእኔ ግምት፣ ከአሮጌ ቅጂዎች ላይ ሽርር የሚለውን ድምፅ ማጥራት የዘወትር ሥራ ሲሆን ነው።

ማስቀመጥ

ከፍተኛውን የድምፅ ጣሪያ ከዜሮ በታች 1 ዲሲቤል ላይ ያድርጉት። በኦዳሲቲ «ሴቭ» የሚለው የሚያስቀምጠው የፕሮግራሙን የሥራ ፋይል እንጂ ሙዚቃውን አይደለም፤ ሙዚቃው የሚወጣው «ኤክስፖርት» በሚለው ነው። ባለ 30 ሰከንድ ቅንጭብ በዋቭ 5.3 ሜጋባይት ያህል ይሆናል፤ በ192 ኪሎቢት ኤምፒ3 ደግሞ 720 ኪሎባይት። ቅንጭቡ ሳይቋረጥ እየተደጋገመ የሚጫወት ከሆነ ግን በዋቭ ይተዉት፤ ኤምፒ3 በፋይሉ ጫፎች ላይ ጥቂት ዝምታ ስለሚጨምር በእያንዳንዱ ዙር ምቱ ይደናቀፋል።

በመጨረሻም ቅንጭቡን በሚጫወትበት መሣሪያ ላይ ያድምጡት። የስልክ ድምፅ ማጉያ ወፍራም ድምፆችን ስለማያወጣ፣ በጆሮ ማዳመጫ ግሩም የመሰለኝ በቤዝ ጊታር ብቻ የሚጀምር ጥሪ ስልኬ ላይ ለአራት ሰከንድ ያህል ዝም ብሎ ነበር። ጊታሩን ትቼ ድምፃዊዋ ከምትገባበት ቦታ ጀምሬ እንደገና ቆረጥኩት።