ሸክላ ወይስ ዲጂታል? ክርክሩን በገዛ ሳሎንዎ እንዴት መፈተን ይቻላል

ፒያሳ ላይ ሁለት ሙዚቃ ወዳዶች ለማኪያቶ ከተቀመጡ ጨዋታው ዞሮ ዞሮ እዚህ ይደርሳል። አንደኛው «የሸክላን ድምፅ የሚያህል የለም» ይላል፤ ሌላው ስልኩን አውጥቶ 24 ቢት፣ 96 ኪሎኸርዝ የሚል ጽሑፍ (የዲጂታል ቅጂ የጥራት መለኪያ ነው) ያሳያል። ችግሩ ሁለቱ የሰሙት አንድ ነገር አለመሆኑ ነው። አንዱ የሰማው በአጎቱ ሳሎን፣ ወገብ በሚያክል ስፒከር ነው፤ ሌላው ሚኒባስ ውስጥ በጆሮ ማዳመጫ። እኔም ለዓመታት እንዲሁ ስከራከር ቆይቼ ነው ከአጎቴ ጋር ተቀምጠን ነገሩን በወግ ለመፈተን የወሰንነው። ከዚህ በታች ያለው አካሄድ ከዚያ ሙከራ፣ በተለይም ከስህተቶቹ የተገኘ ነው።

1. መጀመሪያ ምኑን ከምኑ እንደሚያወዳድሩ ይወስኑ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የአንድን ዘፈን ሸክላ ከሱቅ ይገዛል፤ የዚያኑ ዘፈን ባለከፍተኛ ጥራት ፋይል ከኢንተርኔት ያወርዳል፤ ከዚያ ልዩነት ሲሰማ «ሸክላ እንዲህ ነው፣ ዲጂታል እንዲያ ነው» ብሎ ይፈርዳል። ሁለቱ ግን ብዙውን ጊዜ በተለያየ እጅ፣ በተለያየ ዘመን ለሕትመት የተዘጋጁ ናቸው። የራሳችንን ሙዚቃ እንውሰድ። አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 አምሃ ሪከርድስን አቋቁሞ እስከ 1975 ድረስ ሲያሳትም አብዛኞቹ ሥራዎች በደቂቃ 45 ጊዜ የሚዞሩ ትንንሽ ሸክላዎች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ ፍራንሲስ ፋልሴቶ በኢትዮፒክስ ተከታታይ አልበሞች የዚያን ዘመን ዘፈኖች በሲዲ መልሶ አወጣቸው። ዛሬ ደግሞ በአዲስ ሸክላ እንደገና የሚታተሙ አሉ። ዘፋኙ ያው ነው፤ ግጥሙም ያው ነው። ድምፁን ለሕትመት ያሰናዳው ባለሙያ ግን ሌላ ነው፤ አንዳንዴም መነሻው ዋናው ቴፕ ሳይሆን የተገኘው ደህና ሸክላ ነው።

በዚያ ላይ ሸክላ የራሱ ግዴታ አለው። ወፍራሙ ድምፅ በግራና በቀኝ እኩል ካልተከፈለ መርፌው ከመስመሩ ሊዘል ስለሚችል ሸክላውን የሚቆርጠው ባለሙያ ወደ መሐል ያመጣዋል፤ የሚያፏጭ «ስ» ካለም ያለዝበዋል። ዲጂታሉን የሚያዘጋጀው ግን እንዲህ ያለ ልጓም የለበትም፤ ስለዚህ ብዙ ጊዜ ድምፁን እስከ ጣሪያው እየገፋ ያጮኸዋል። ያን ሰምተው «ዲጂታል ይጮሃል» ቢሉ አልተሳሳቱም፤ ጥፋቱ ግን ያዘጋጀው ሰውዬ ነው።

መውጫው ቀላል ነው፤ ዲጂታሉን ራስዎ ከሸክላው ይቅዱት። ያን ጊዜ መነሻቸው አንድ ይሆናል።

2. ማጫወቻው በትክክል መዞሩን ያረጋግጡ

እዚህ ላይ የራሴን ጉድ ልናገር። የአክስቴ ልጅ ከአሜሪካ አንድ የቆየ የሸክላ ማጫወቻ ይዞልኝ መጣ። የእኛ ኤሌክትሪክ 220 ቮልት፣ የእነርሱ 120 መሆኑን ስለማውቅ ትራንስፎርመር ገዝቼ ሰካሁ። ሸክላውን አስቀመጥኩ፤ ዘፋኟ በወፍራም የወንድ ድምፅ ጀመረች፤ ትዝታው ከልክ በላይ ተክዞ እንቅልፍ ሊወስደው ደረሰ። ለአንድ ሳምንት ያህል ሸክላው ተበላሽቷል ብዬ አዘንኩ።

ምክንያቱ ሌላ ነበር። ትራንስፎርመር ቮልቱን ይቀንሳል እንጂ የሞገዱን ድግግሞሽ አይለውጥም። የአሜሪካ ኤሌክትሪክ 60 ኸርዝ ነው፤ የእኛ 50። በርካታ የድሮ ማጫወቻዎች ሞተራቸው ፍጥነቱን የሚያገኘው ከዚሁ ድግግሞሽ ስለሆነ እኛ አገር ሲመጡ ስድስት መዞር ሲገባቸው አምስት ይዞራሉ። ድምፁም ሦስት ግማሽ ቃና ያህል ይወርዳል። ለአንዳንዶቹ በ50 ኸርዝ የሚሠራ መዘውር ተፈልጎ ይገኛል። በዲሲ ሞተር የሚዞሩት አዳዲሶቹ ይህ ጣጣ የለባቸውም፤ የቮልታቸውን ነገር ብቻ ይዩ።

ለማረጋገጥ መሣሪያ አያስፈልግዎትም። በሸክላው መሐል ባለው ወረቀት ላይ ትንሽ ምልክት ይለጥፉ፤ መርፌው እየተጫወተ ለሦስት ደቂቃ ዙሩን ይቁጠሩ። በ33⅓ ፍጥነት በትክክል 100 ዙር መምጣት አለበት። 83 ገደማ ከቆጠሩ እኔን የደረሰኝ ደርሶብዎታል።

3. ያጽዱ፣ ይመዝኑ፣ ያስቀምጡ

በበጋ የፒያሳ አቧራ የታወቀ ነው፤ ፈረሳውና ግንባታው ደግሞ አብዝቶታል። ደረቁ አየር ሸክላውን በስታቲክ ኤሌክትሪክ ስለሚሞላው አቧራው ተጎትቶ ይመጣል። ከእያንዳንዱ ጨዋታ በፊት በለስላሳ የሸክላ ብሩሽ ይጥረጉ፤ በጣም የቆሸሸውን በዲስትልድ ውሃና በአንዲት ጠብታ ፈሳሽ ሳሙና ይጠቡ። በደቂቃ 78 ጊዜ የሚዞሩት የጥንቶቹ ከሌላ ነገር የተሠሩ ስለሆኑ አልኮል እንዳይነካቸው፤ ሰፋ ያለ መርፌም ስለሚፈልጉ ለዚህ ሙከራ ይተዉአቸው።

የመርፌው ክብደት አምራቹ በጻፈው ልክ ይሁን። ለምሳሌ ከካርትሪጆች (መርፌውን ከሚይዙት ክፍሎች) «ኤቲ ቪኤም 95 ኢ» ለተባለው የኦዲዮ ቴክኒካ 2 ግራም፣ «2 ኤም ሬድ» ለተባለው የኦርቶፎን 1.8 ግራም ነው። ሲቀል ለሸክላው የሚራራ ይመስላል እንጂ የሚወዛወዝ መርፌ ይበልጥ ይጎዳል። ቤትዎ እንደ ብዙዎቹ የፒያሳ አሮጌ ቤቶች የእንጨት ወለል ካለው ማጫወቻውን ግድግዳ ላይ በተመታ መደርደሪያ ያስቀምጡ፤ አለዚያ ቡና የምታቀርበው እህትዎ በተራመደች ቁጥር መርፌው ይዘላል። ከስፒከሩ ጋር አንድ ጠረጴዛ ላይ ፈጽሞ አይሁን።

4. ይቅዱ

ከካርትሪጁ የሚወጣው ድምፅ እጅግ ደካማ ነው፤ ጥቂት ሚሊቮልት ቢሆን ነው። ስለዚህ መጀመሪያ በፎኖ ማጉያ ማለፍ አለበት። ይህ ዕቃ ከማጉላትም በላይ ሥራ አለው፦ ሸክላ ሲቆረጥ ሆን ተብሎ የተቀነሰውን ወፍራም ድምፅና የተጨመረውን ቀጭን ድምፅ ወደ ቦታቸው ይመልሳል። ከዚያ በዩኤስቢ የድምፅ መቀበያ አድርጎ ወደ ኮምፒውተር ይገባል። ኦዳሲቲ የሚባለው ፕሮግራም በነጻ የሚገኝ ነው፤ ይበቃል። ቅጂውን በ24 ቢት፣ በ96 ኪሎኸርዝ ያዘጋጁ፤ ከፍተኛው ድምፅ ቅጂው ሊይዝ ከሚችለው ጣሪያ 6 ዴሲቤል (የድምፅ ከፍታ መለኪያ) ያህል ዝቅ ብሎ ይቆይ። በየደቂቃው 35 ሜጋ ባይት ገደማ ይወስዳል። መብራት እንዳይቋረጥብዎ ላፕቶፑን ቻርጅ ያድርጉት፤ ማጫወቻው ከቆመ ግን ከመጀመሪያው መድገም ነው።

የሚቀዱት ዘፈን ከሸክላው ገጽ የመጀመሪያው ይሁን። በትልቁ ሸክላ ጠርዝ ላይ መስመሩ ከመርፌው ሥር በሰከንድ ግማሽ ሜትር ያህል ያልፋል፤ ወደ መሐል ሲጠጋ ከዚያ ከግማሽ በታች ይወርዳል። የመጨረሻው ዘፈን ቀጭን ድምፆች የሚሻክሩት በዚህ ምክንያት ነው።

አሁን ከቅጂው ሁለተኛ ቅጂ ያውጡ፦ ወደ ሲዲ ደረጃ፣ ማለትም ወደ 16 ቢት እና 44.1 ኪሎኸርዝ ያውርዱት። ከዚያ ያንኑ መልሰው ወደ 24 እና 96 ይለውጡት። ጅል ሥራ ይመስላል፤ ነገር ግን የጠፋው አንዴ ጠፍቷል፣ ተመልሶ አይመጣም። ጥቅሙ ሁለቱ ፋይሎች ሲቀያየሩ መሣሪያው ቀጭ ብሎ ምሥጢሩን እንዳያወጣ ነው።

5. የድምፁን ከፍታ እኩል ያድርጉ

በጥቂቱ የጮኸ ድምፅ ለጆሮ «የተሻለ» ይመስለዋል። ስልክዎ ላይ የድምፅ መለኪያ ጭነው በሚቀመጡበት ቦታ ያስቀምጡት፤ አንዱን ሠላሳ ሰከንድ በሸክላውም በፋይሉም አጫውተው አማካዩን ያነጻጽሩ። የስልኩ መለኪያ ልክ ላይሆን ይችላል፤ ግድ የለም፣ ለሁለቱም እኩል ይሳሳታል። ልዩነቱ ከግማሽ ዴሲቤል በታች እስኪሆን የፋይሉን ድምፅ ያስተካክሉ። ብሉቱዝ አይጠቀሙ፤ ድምፁን ስለሚጨምቅ ሙከራው ያኔ ስለ ብሉቱዝ ይሆናል።

6. ሳያውቁ ያዳምጡ

አንድ ሰው ከኋላዎ ሆኖ ሳንቲም እየወረወረ ይቀያይር፤ አንበሳ ከሆነ ሸክላ፣ ሰው ከሆነ ፋይል። እርስዎ የመሰለዎትን ይጻፉ፤ እርሱም የእርሱን። አሥር ጊዜ ይደጋገም፤ እስኪያልቅ ወረቀቶቹ አይተያዩ።

አጎቴ በመጀመሪያው ዙር አሥሩንም አገኘ። ቤቱ በእልልታ ተሞላ። በኋላ ስንመረምር ያዳመጠው ስፒከሩን ብቻ አልነበረም። መርፌ በመስመሩ ላይ ሲሄድ ራሱ በቀጭኑ ይዘፍናል፤ ስፒከር ባይኖርም ጠጋ ያለ ሰው ይሰማዋል። አጎቴም ያን ሲሰማ ሸክላ፣ ሳይሰማ ፋይል ይላል። ስለዚህ በሁለቱም ጊዜ ሸክላው ይዙር፣ መርፌውም ይውረድ፤ የሚቀየረው የአምፕሊፋየሩ መምረጫ ብቻ ይሁን። እንዲህ አድርገን ስንደግም ስድስት አገኘ።

ሁለቱን ፋይሎች እርስ በእርስ ለማወዳደር ሰው እንኳን አያስፈልግም። ፉባር 2000 የሚባለው ማጫወቻ ደብቆ የሚያሰማ ተጨማሪ ክፍል አለው፤ ውጤቱንም ራሱ ይቆጥራል።

7. ውጤቱን ያንብቡ

ከአሥር ዘጠኝ ወይም አሥር ካገኙ በእርግጥ ይሰማዎታል፤ በግምት ብቻ ይህን የሚያገኝ ከመቶ አንድ ሰው ገደማ ነው። ስድስትና ሰባት ምንም አይናገርም። እኔ በሁለቱ ፋይሎች መካከል አምስት ነው ያገኘሁት። ብቻዬን አይደለሁም፤ ሜየርና ሞራን የተባሉ ተመራማሪዎች ባለከፍተኛ ጥራት ድምፅን ከሲዲ ደረጃ ስለመለየት እ.ኤ.አ. በ2007 ባሳተሙት ጥናት ከ554 ሙከራዎች ትክክል የሆኑት 49.8 በመቶ ነበሩ። ተመራማሪው ጆሹዋ ሪስ እ.ኤ.አ. በ2016 በዚሁ ጉዳይ የ18 ጥናቶችን ውጤት ሲያጠናቅር ደግሞ 52.3 በመቶ አገኘ፤ ከግምት ትንሽ ከፍ ያለ፣ ግን ትንሽ ብቻ። የሰው ጆሮ እስከ 20 ኪሎኸርዝ ይሰማል፣ ሲዲ እስከ 22 ገደማ ይይዛል፤ ስለዚህ አይግረምዎ። የሲዲው 16 ቢት ከዝቅተኛው እስከ ከፍተኛው ድምፅ 96 ዴሲቤል ያህል ስፋት አለው፤ ጥሩ ሸክላ ስልሳና ሰባ ገደማ ላይ ነው።

እንግዲህ የሸክላው ያ የሚወደድ ሙቀት ከየት መጣ? ከራሱ ከሸክላው፣ ከመርፌውና ከፎኖ ማጉያው። ለዚህም ነው ፋይሉ ውስጥ እንዳለ የተገኘው፤ መንኳኳቱ ሳይቀር አብሮ ተቀድቷል። ገንዘብ ካለዎት መጀመሪያ ለአዲስ መርፌና ለደህና ስፒከር ያውሉት። ለ192 ኪሎኸርዝ ፋይል የኢንተርኔት ጥቅል መጨረስ እኔ አልመክርም።

8. የገዙትን ፋይል ይመርምሩ

ባለከፍተኛ ጥራት ተብሎ የተሰጠዎትን ፋይል ኦዳሲቲ ውስጥ ከፍተው በስፔክትሮግራም (ድግግሞሹን ከታች ወደ ላይ በቀለም በሚያሳየው ሥዕል) ይዩት። እውነተኛ ከሆነ ቀለሙ ወደ ላይ እየሳሳ ይሄዳል። በመቀስ እንደተቆረጠ 16 ኪሎኸርዝ ላይ ቀጥ ብሎ ካቆመ ግን ከተጨመቀ ኤምፒስሪ የተነፋ ነው። እኔ ፍላሽ ላይ አስጭኜ የመጣሁትን፣ ስሙ ላይ 24 ቢት የተጻፈበትን አልበም ከፈትኩት። ሁሉም ዘፈኖች፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ 16 ላይ ተቆርጠዋል። ፍላሹን ግማሽ ሞልተውት ነበር።