የልደት ቀኔ በአንድ ዓመት ተዛንፎ ነበር፤ እንዲህ አስተካከልኩት

ለ3 ወር ኢንተርንሺፕ ወደ ጀርመን ልሄድ ነው። የቪዛ ቀጠሮዬ ሁለት ቀን ሲቀረው ፒያሳ ቁጭ ብዬ ሰነዶቼን ሳገላብጥ ክው አልኩ። ፓስፖርቴ ኖቬምበር 4 ቀን 2002 ይላል፤ የተተረጎመው የልደት ምስክር ወረቀቴ ግን 2003። ዋናው ላይ ያለው ጥቅምት 25 ቀን 1995 ዓ.ም. ነው። ተርጓሚው 8 ደምሮ ኖሯል! ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ የሚደመረው 7 ነው፤ 8 የሚሆነው የፈረንጆቹ ዓመት ከተለወጠ በኋላ ነው።

በነጋታው በጠዋት ዋናውንና ፓስፖርቱን ይዤ ትርጉም ቤቱ ደጅ ቆምኩ። መጀመሪያውኑ ፓስፖርቴን ይዤ መሄድ ነበረብኝ፤ እናንተ አትርሱ። ልጅቷ ሳትከራከር አረመችው። ማኅተም ከማድረጓ በፊት ስሜን ፊደል በፊደል አመሳከርን፤ የአያቴ ስም ላይ አንዲት ኤች ጎድላ ተገኘች። እሷም ገባች።