700 የነበረው ድምር እንዴት 820 ሆነ

የ12ኛ ክፍል ተማሪ የሆነችው ልጄ አንድ የአርቲሜቲክ ሲሪስ (ተርም የሚባሉት ቁጥሮች እያንዳንዳቸው ከቀደማቸው በእኩል መጠን የሚለያዩበት ድምር) ጥያቄ ሁለት ምሽት አስቸግሯት ነበር። 3ኛው ተርም 11፣ 7ኛው ደግሞ 27 ከሆነ የመጀመሪያዎቹ 20 ተርሞች ድምር ስንት ነው? ከ3 እስከ 7 በጣቷ ቆጥራ 5 ስላገኘች፣ የ16ን ጭማሪ ለ5 አካፍላ የጋራ ልዩነቱን (ከአንዱ ተርም ወደ ቀጣዩ የሚጨመረውን) 3.2፣ ድምሩንም 700 አደረገችው። ይሁን እንጂ በ3.2 እየደመርን ከ11 ስንነሳ 7ኛው ተርም 23.8 እንጂ 27 አልሆነም።

መፍትሔው የተገኘው ሁለቱን ተርሞች (3፣11) እና (7፣27) ብለን በግራፍ ወረቀት ላይ ስናስቀምጣቸው ነው። ልጄ በእርሳሷ ጫፍ ወደ ቀኝ ያሉትን ካሬዎች ስትቆጥር 4 ብቻ ሆኑ፤ የቆጠረችው ቁጥሮቹን እንጂ በመካከላቸው ያሉትን እርምጃዎች እንዳልነበረ ያን ጊዜ ገባት። ሁለቱን ነጥቦች የሚያገናኘው መስመር ስሎፕ (አንድ ካሬ ወደ ቀኝ ሲኬድ ወደ ላይ የሚጨምረው) 16 ሲካፈል ለ4፣ ማለትም 4 ነው፤ የጋራ ልዩነቱም ራሱ ይኸው ነው። ስሎፕና የጋራ ልዩነት በተለያዩ ምዕራፎች መሰጠታቸው ይህን ዝምድና ከብዙ ተማሪዎች የሚሰውር ይመስለኛል።

ከዚያ በኋላ ያለው ቀላል ነበር፦ 1ኛው ተርም 3፣ 20ኛው በ19 እርምጃ 79፣ ድምራቸው 82፤ 20ው ተርሞች 10 ጥንድ ስለሚሆኑ በ10 ሲባዛ 820። በ19 ፋንታ 20 እርምጃ ብንወስድ ኖሮ 860 ይወጣ ነበር።