ባለ አሥር አሃዙን 4,294,967,297 በእስክሪብቶ እንዴት እንመርምረው?

ቁጥሩ ዝም ብሎ የተመረጠ አይደለም። 32 ሁለቶችን አባዝታችሁ 1 ስትጨምሩ የሚመጣው ነው። ስምንት አሃዝ ብቻ የሚይዘውን የሱቅ ካልኩሌተር ተዉት፣ አይችለውም። የስልካችሁ ይበቃል። ቁጥር ስታስገቡለት ወዲያው የሚተነትን ድረ ገጽም ሞልቷል፤ ግን መልሱን ይሰጣችኋል እንጂ ለምን እንደሆነ አይነግራችሁም።

መጨረሻው 7 ስለሆነ ለ2ም ለ5ም አይካፈልም። የአሃዞቹ ድምር 59 ነው፣ ስለዚህ ለ3ም አይሆንም። 7ን፣ 11ንና 13ን ባንድ ምት ጨርሷቸው፤ ሦስቱ ሲባዙ 1,001 ይሆናሉና። ከቀኝ ጀምራችሁ ሦስት ሦስት አሃዝ እየቆረጣችሁ አንዱን ደምሩ፣ ቀጣዩን ቀንሱ፦ 297 − 967 + 294 − 4 = −380። 380 ለሦስቱም አይካፈልም፤ ቁጥራችንም እንደዚያው።

ጣጣው አሁን ይመጣል። ከ1ና ከራሱ ሌላ አካፋይ የሌለው ብቸኛ ቁጥር ይሆን? አካፋይ ካለው፣ ትንሹ ከስኩዌር ሩቱ አይበልጥም። ስኩዌር ሩቱ ከ65,536 ለጥቂት ነው የሚያልፈው። እስከዚያ ድረስ ግን 6,542 ብቸኛ ቁጥሮች አሉ። ሁሉንም መሞከር ቀልድ ነው። ፈረንሳዊው የሒሳብ ሰው ፌርማ በተመሳሳይ መንገድ (1፣ 2፣ 4፣ 8 እና 16 ሁለቶችን አባዝቶ 1 በመጨመር) የሚገኙት 3፣ 5፣ 17፣ 257 እና 65,537 ብቸኛ መሆናቸውን አይቶ ይሄኛውም እንደዚያው ነው ብሎ አመነ። አምስቱ ስላማሩ ስድስተኛውን ማመን ግን አያዋጣም። በ1732 እ.ኤ.አ. የሒሳብ ሊቁ ኦይለር አፈረሰው።

መውጫው ይኸውና፦ ብቸኛ ቁጥር የሆነ የዚህ ቁጥር አካፋይ ሁሉ ለ64 ሲካፈል ቀሪው 1 ነው። 65፣ 129፣ 193 እያላችሁ ጻፉና ብቸኛ ያልሆኑትን ሰርዙ። የሚቀሩት 193፣ 257፣ 449፣ 577፣ 641 ... ናቸው። የመጀመሪያዎቹ አራቱ አይሆኑም። 641 ላይ ስትደርሱ ሙሉውን ቁጥር ለማካፈል አትድከሙ፣ ቀሪውን ብቻ ተከተሉ። የ16 ሁለቶች ብዜት 65,536 ነው፤ ለ641 ሲካፈል 154 ይቀራል። 154 × 154 = 23,716፤ ከዚህ ደግሞ 640 ይቀራል። የ32 ሁለቶች ቀሪ ይሄው ነው። 1 ጨምሩበት፦ 641። አለቀ፣ እኩል ተካፈለ።

ስለዚህ 4,294,967,297 = 641 × 6,700,417። ሁለተኛው ብቸኛ ነው፤ በዚያው ዘዴ ከ641 ጀምራችሁ እስከ 2,588 ብትፈትኑት አካፋይ አታገኙለትም።

ምድቡ ከዚህ ወዲህ ቀላል ነው። አካፋዮቹ አራት ናቸው። ራሱን ትታችሁ ሦስቱን ስትደምሩ 6,701,059 ይመጣል። ከራሱ በብዙ ስለሚያንስ እንደ 6 (1+2+3) ፍጹም አይደለም፣ ጎደሎ ነው። በሁለትዮሽ ሲጻፍ 1፣ ከዚያ 31 ዜሮ፣ ከዚያ 1።

ለኔ የሚጥመኝ ግን ሌላ ነው። 65,536 × 65,536 + 1 × 1 እንደሚሰጠው ሁሉ 62,264 × 62,264 + 20,449 × 20,449ም ይሰጠዋል። ብቸኛ ቁጥር እንዲህ በሁለት መንገድ አይጻፍም። ሁለተኛውን ጥንድ ያገኘ ሰው 641ን ጨርሶ ሳይፈልግ ፌርማ መሳሳቱን ማሳየት ይችል ነበር።