በእጅ በሚያዙ የድሮ ፒንቦል ጨዋታዎች ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ትልቁ ስህተት የሚሠራው ገና ማሽኑ ሳይበራ ነው፤ ጨዋታውን ከእውነተኛው የፒንቦል ጠረጴዛ (ቁልቁል የምትንከባለል ኳስን በመምቻ እየመለሱ ነጥብ ከሚሰበስቡበት ማሽን) ጋር አወዳድሮ መናቅ። እ.ኤ.አ. በ1989 ለገበያ የቀረበው፣ ጌም ቦይ የተባለው በእጅ የሚያዝ የጨዋታ ማሽን ስክሪኑ 160 በ144 ፒክስል ብቻ ነበር። ረጅም ጠረጴዛ እዚያ ውስጥ ስለማይገባ ሠሪዎቹ ቆራርጠው ደራረቡት። በ1993 በወጣው «ከርቢስ ፒንቦል ላንድ» እያንዳንዱ ጠረጴዛ እንደ ሕንፃ ሦስት ፎቅ አለው፤ በየፎቁም ኳሷን የሚመልሱ መምቻዎች አሉ። ከላይ ያመለጠች ኳስ አልጠፋችም፣ አንድ ፎቅ ወረደች እንጂ። ለእኔ የእነዚህ ጨዋታዎች ጣዕም ያለው እዚህ ላይ ነው፤ የወረደችውን መልሶ ለማውጣት የሚደረገው ትግል እልህ ያስይዛል። ስክሪኑ በድንገት ስለሚቀየር ግን ጣት ቀድሞ መዘጋጀት አለበት።

ሁለቱን መምቻዎች በአንድ ላይ መደብደብ የጀማሪ ሁሉ አመል ነው። ሁለቱም ሲነሡ በመካከላቸው ያለው ክፍተት ይሰፋል፤ ኳሷም በዚያው ትሾልካለች። ይልቅ ኳሷ በዝግታ ስትመጣ አንዱን መምቻ አንሥቶ መያዝ ነው፤ ሥሩ ላይ ታርፋለች። ከዚያ ቁልፉን ለቅቆ፣ ወደ ጫፉ ስትንከባለል መምታት። ከሥሩና ከጫፉ የተመታች ኳስ አቅጣጫዋ ስለሚለያይ፣ የሚመታበትን ቅጽበት የመረጠ ሰው ዒላማውንም መረጠ ማለት ነው።

የኳሷን አቅጣጫ ለማስቀየር ጠረጴዛውን መነቅነቅ የሚፈሩም አሉ። በእውነተኛው ማሽን ከልክ በላይ የነቀነቀ ሰው መምቻዎቹ ስለሚቆለፉበት ፍርሃቱ ምክንያት አለው። ነገር ግን በ1999 የወጣው «ፖኬሞን ፒንቦል» ለመነቅነቂያ የተመደቡ ቁልፎች አሉት፤ ያለ እነርሱ መጫወት በገዛ ፈቃድ አንድ እጅን ማሰር ነው። በዚሁ ጨዋታ ነጥብ ብቻ ማሳደድም ያሳዝናል፤ ፖኬሞን የሚባሉትን ፍጥረታት አንድ በአንድ እየያዙ ዝርዝሩን መሙላት ነው ሰውን ደጋግሞ የሚመልሰው።

ጨዋታው ያለበትን፣ ማሽኑ ውስጥ የሚሰካውን ካሴት በአፍ መንፋት ይቅር፤ የትንፋሽ እርጥበት የብረት መገናኛውን ይጎዳል። በአልኮል በረጠበ ጥጥ በቀስታ መጥረግ ይሻላል።

የ«ፖኬሞን ፒንቦል» ካሴት አንድ ትንሽ ባለ ሦስት ኤ ባትሪ ይይዛል። ሥራው ካሴቱን ማንዘር ብቻ ስለሆነ፣ ንዝረቱ ቆመ ብሎ ጨዋታው ተበላሸ ማለት ስህተት ነው። የተመዘገበውን ውጤት የሚጠብቀው ውስጥ የተበየደው ሌላ ባትሪ ነው። ያለቀውን የንዝረት ባትሪ ግን በካሴቱ ውስጥ ለዓመታት መተው አይገባም፤ ፈስሶ ብረቱን ይበላዋል።