ስብሰባ ስንጠራ የምንሠራቸው ስህተቶች

12 ሰው ለ2 ሰዓት አንድ ክፍል ውስጥ ሲቀመጥ 24 የሥራ ሰዓት ወጣ ማለት ነው። የአንድ ሠራተኛ ሦስት ሙሉ ቀን። ይህን ሒሳብ መሥራት የጀመርኩት መሥሪያ ቤት ውስጥ የክፍላችንን ስብሰባ የመጥራት ኃላፊነት ሲሰጠኝ ነው፤ ከዚያ ወዲህ አንድም ስብሰባ በዘፈቀደ ጠርቼ አላውቅም።

መጀመሪያ ስለ አጀንዳ። «ስለ ንብረት ቆጠራ መነጋገር» አጀንዳ አይደለም፣ ርዕስ ነው። ሰው ምን አስቦ፣ ምን ይዞ እንደሚመጣ አይነግረውም። ጥያቄ አድርጋችሁ ጻፉት፦ «በጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ከመዘጋቱ በፊት ቆጠራውን ለመጨረስ ስንት ሰው ያስፈልገናል?» ይህን ያነበበ ሰው ቁጥር ይዞ ይመጣል። መጨረሻ ላይ የምትቀመጠዋን «ልዩ ልዩ» የምትባል ነገርም ተጠንቀቁ። ስንቱ ስብሰባ ዋናውን ጉዳይ በግማሽ ሰዓት ጨርሶ በልዩ ልዩ ላይ አንድ ሰዓት ይቀመጣል! ልዩ ልዩ ውስጥ የሚነሳ ካለ ከአንድ ቀን በፊት ይላክ፤ ያልተላከ ለሚቀጥለው ይደር።

ሰዓቱን በግልጽ አለመጻፍ ሌላው ነው። ይቺ ትንሽ ትመስላለች። አንድ ጊዜ «ማክሰኞ 9:00» የሚል መልእክት ላክሁ። ግማሹ ሰው ጠዋት 3 ሰዓት ላይ መጣ፣ ምክንያቱም ኮምፒውተሩ ላይ ያለው ሰዓት ጠዋት 9:00 የሚለው ያኔ ነው። ግማሹ ደግሞ ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት ላይ መጣ። ሁለቱም ልክ ነበሩ፣ ያጠፋሁት እኔ ነኝ። አሁን «ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር» ብዬ ነው የምጽፈው። ቀኑም እንዲሁ ነው፤ መስከረም 10 ስትሉ የውጭ ባልደረባ ካለ ሴፕቴምበር 20 ብላችሁ ጨምሩበት።

ያረፈደን መጠበቅም ይቅር። ስምንት ሰው በሰዓቱ ተገኝቶ ሁለት ሰው እስኪመጣ 20 ደቂቃ ሲጠብቅ፣ የተቀጣው ሰዓት ያከበረው ነው። እድር ላይ እኮ ያረፈደ መቀጮ ይከፍላል፣ ማንም አይከራከርም። ቢሮ ውስጥ ገንዘብ መቅጣት አያስፈልግም፣ በሰዓቱ መጀመር ብቻ ይበቃል። ሁለት ሦስት ሳምንት ሳታወላውሉ ብትጀምሩ ሰው ይለምደዋል።

አሁን ወደ ትልቁ ልምጣ፦ ኃላፊው ቀድሞ መናገሩ።

የካርቶን አቅራቢ የምንመርጥበት ስብሰባ ነበር። ኃላፊያችን ገና ሲከፍቱት «በእኔ በኩል ሁለተኛው ድርጅት ይሻላል፣ ዋጋውም ጥሩ ነው፤ እስቲ አስተያየት ካላችሁ» አሉ። ዝም። በሩ አጠገብ የተቀመጠችው የመጋዘን ሠራተኛ የእስክሪብቶዋን ክዳን ትከፍታለች፣ ትዘጋለች። በአሥር ደቂቃ ተወሰነ። በኋላ ቡና ላይ ስንገናኝ «ከዚያ ድርጅት ባለፈው የመጣው ካርቶን እኮ ግማሹ እርጥብ ነበር» አለችኝ። «ታዲያ ለምን አልተናገርሽም?» ስላት «ጋሼ ከተናገሩ በኋላ እኔ ምን ልበል?» አለች።

ልጅቷ ፈሪ አይደለችም። ትልቅ ሰው ከተናገረ በኋላ ተቃራኒውን መናገር በእኛ ዘንድ ከባድ ነው፣ እንዳቃለሉት ይቆጠራል። መፍትሔውም ከራሳችን አይርቅም፤ በጥንቱ የዙፋን ችሎት ሐሳብ መስጠት የሚጀመረው ዝቅ ካለው ባለ ማዕረግ ነበር፣ ንጉሡ የሚናገሩት መጨረሻ ላይ ነው። ለኃላፊያችን ይህንኑ አንስቼ «ጋሼ፣ እርስዎ መጨረሻ ላይ ቢናገሩስ?» አልኳቸው። ቅር አላላቸውም፣ እንዲያውም ደስ አላቸው። ከጀማሪው ጀምሩ። ሰውዬው እንዳይደናገጥ ግን ቀደም ባለው ቀን «ነገ አንተን እጠይቅሃለሁ» ብላችሁ ንገሩት።

ስብሰባን የግምገማ መድረክ ማድረግም ሰውን ዝም ያሰኛል። የአንድ ሰው ጥፋት ካለ ለብቻው ጠርታችሁ አነጋግሩት። በሰው ፊት የተዋረደ ሠራተኛ በቀጣዩ ስብሰባ አፉን አይከፍትም፣ ያዩትም እንደዚያው።

ጉዳዩ የማይመለከተውን ሰው አትጥሩ። ውጤቱን ብቻ ማወቅ የሚፈልግ ካለ በቴሌግራም ይድረሰው።

የመጨረሻው ስህተት ቃለ ጉባኤው ላይ ነው የሚታየው። አማርኛችን «ይገዛል፣ ይላካል፣ ይስተካከላል» ማለት ይችላል፣ ማን እንደሚያደርገው ሳይናገር። ስብሰባ ላይ ይህ አደጋ ነው። እኛ ጋ «ጀነሬተሩ ይጠገናል» የሚል ውሳኔ በሦስት ተከታታይ ቃለ ጉባኤዎች ላይ ተጽፎ ነበር። ሁሉም ተስማምቷል፣ ሁሉም ፈርሟል፣ መብራት ሲጠፋ ግን ጨለማ ውስጥ ነን። አሁን የመጨረሻዋን አምስት ደቂቃ ለዚህ እናስቀራታለን፦ ማን፣ ምን፣ እስከ መቼ። ድምፅን ከፍ አድርጎ ማንበብ፣ ስሙ የተጠራው ሰው «እሺ» ማለቱን መስማት፣ ከዚያ ያንኑ ዕለት ግሩፑ ላይ መላክ። ቀጣዩ ስብሰባ የሚከፈተውም በእነዚያው መስመሮች ነው። በአራተኛው ስብሰባ ከጀነሬተሩ ጎን የጥገና ሠራተኛውን ስምና «እስከ ሐሙስ» የሚል ጻፍን። ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ተነሳ።